አንድ ብዕር፣ አንድ ትኬት፣ ሦስት ሲስተም፦ የኩፐር ሂዊት ሙዚየም ጉዳይ

ስለ ሙዚየምና ቴክኖሎጂ ወሬ ከተነሳ ኩፐር ሂዊት ሳይጠራ አይቀርም። ኒውዮርክ የሚገኘው፣ ስሚዝሶኒያን የተባለው የአሜሪካ የሙዚየሞች ተቋም የዲዛይን ሙዚየም ነው። ስሙን ያስጠራው አንድ ብዕር ነው። ከማርች 2015 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ጎብኚ ሲገባ ወፈር ያለ ኤሌክትሮኒክ ብዕር ይሰጠው ነበር። የወደደው ዕቃ ካለ አጠገቡ ያለውን መግለጫ በብዕሩ ጀርባ ይነካል። ዕቃው ይመዘገብለታል። ቤቱ ገብቶ ትኬቱ ላይ ያለውን ኮድ ድረ ገጹ ላይ ሲጽፍ፣ የነካቸው ዕቃዎች በሙሉ ተደርድረው ያገኛቸዋል።

ጋዜጦች ብዕሩን ወደዱት። ፎቶ ላይም ያምራል። እዚህ የማወራው ግን በአብዛኛው ስለ ትኬቱ ነው። ብዕሩ እንዲሠራ ትኬት የሚቆርጠው ሲስተም፣ የቅርሶቹ ዳታቤዝና ድረ ገጹ መነጋገር ነበረባቸው። ሦስቱ ግን በተለያዩ ሰዎች፣ ለተለያየ ሥራ የተሠሩ ናቸው። ሙዚየሞች የኦንላይን አገልግሎታቸውን እናዋህድ ሲሉ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰናከሉት እዚችው ጋ ነው።

ቤቱ

ሙዚየሙን በ1897 የመሠረቱት እህትማማቾቹ ሳራና ኤሌኖር ሂዊት ናቸው። የታወቀው ባለሀብት የፒተር ኩፐር የልጅ ልጆች ነበሩ። በ1960ዎቹ መጨረሻ ስሚዝሶኒያን ተረከበው። ከ1976 ጀምሮ ደግሞ የሚገኘው የብረት ባለሀብቱ አንድሩ ካርኔጊ በኖረበት ትልቅ ቤት ውስጥ ነው፤ አምስተኛ ጎዳና፣ 91ኛ መንገድ። ከ200 ሺህ በላይ ዕቃዎች አሉት። የግድግዳ ወረቀት፣ ጨርቃ ጨርቅ፣ ንድፍ፣ የቤት ዕቃ፣ ፖስተር፣ ምን የሌለ አለ።

ለዚህ ታሪክ የሚጠቅም አንድ ነገር አለ። የስሚዝሶኒያን ሙዚየሞች በነጻ ነው የሚገቡት። ኩፐር ሂዊት ግን ያስከፍላል። የሚያስከፍል ሙዚየም ደግሞ መግቢያ ላይ ጠረጴዛ አለው። እያንዳንዱ ጎብኚ እዚያ ይቆማል፣ ትኬት ይታተምለታል። ለእያንዳንዱ ሰው ኮድ ሊሰጥበት የሚችል ቦታ ከመጀመሪያውም ተዘጋጅቶ ነበር ማለት ነው። ይህ ቦታ ባይኖር ብዕሩ በዚያ መልኩ መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ሙዚየሙ በ2011 ለእድሳት ተዘጋ። የእድሳቱ ዘመቻ 91 ሚሊዮን ዶላር ነበር። የኤግዚቢሽን ቦታውም በ60 በመቶ ሰፋ። ሥራውን የጀመሩት ዳይሬክተር ቢል ሞግሪጅ ራሳቸው ስመ ጥር ዲዛይነር ነበሩ፤ የመጀመሪያዎቹን ላፕቶፖች ቅርጽ ካወጡት ሰዎች አንዱ ናቸው። በ2012 አረፉ። ካሮላይን ባውማን ተክተዋቸው ሥራውን ጨረሱ።

የዲጂታል ክፍሉን የሚመራው ሴብ ቻን ነበር፤ ከሲድኒው ፓወርሃውስ ሙዚየም የመጣ። አብሮት አሮን ስትራውፕ ኮፕ የሚባል ኢንጂነር ነበር። ሕንጻው በተዘጋበት ጊዜ እነዚህ ሰዎች እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። በ2012 የስብስቡን መረጃ ማንም ሰው ያለ ፈቃድ እንዲጠቀምበት ለቀቁት። በዚያው ዓመት አዲስ የስብስብ ድረ ገጽ ከፈቱ። ገና ያላለቀ፣ ፎቶ የሌላቸው ዕቃዎች የሞሉበት ድረ ገጽ ነበር። ግን እያንዳንዱ ዕቃ የማይቀያየር የራሱ አድራሻ ነበረው። ይህ ሥራ ያኔ ማንንም አላስደነቀም። በኋላ ግን ሁሉም ነገር የቆመው በእሱ ላይ ነው። ቋሚ አድራሻ የሌለውን ዕቃ ጎብኚ ነክቶ ቢሰበስበው እንኳ ቤቱ ሲደርስ የሚከፍተው ገጽ አይኖርም።

ሦስቱ የማይተዋወቁ ሲስተሞች

የመጀመሪያው የቅርሶቹ መዝገብ ነው። ቲኤምኤስ ይባላል፤ ጋለሪ ሲስተምስ የተባለ ኩባንያ የሚያዘጋጀው፣ ብዙ ትልልቅ ሙዚየሞች ያላቸው ሶፍትዌር ነው። ዕቃውን ማን ሠራው፣ መቼ፣ ከምን፣ አሁን መጋዘን ነው ወይስ አዳራሽ የሚለውን ይይዛል። ተጠቃሚዎቹ መዝጋቢዎችና ኩሬተሮች (ስብስቡን የሚያጠኑና ኤግዚቢሽን የሚያዘጋጁ ባለሙያዎች) ናቸው። ጎብኚ የሚባል ሰው በዚህ መዝገብ ውስጥ የለም።

ሁለተኛው ቴሲቱራ ነው። ትኬትን፣ አባልነትንና ልገሳን በአንድ ቋት የሚይዝ ሲስተም ነው። መነሻው ሙዚየም አይደለም። የኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ ለራሱ ያሠራው ነው፤ በኋላ ተጠቃሚዎቹ በጋራ ወደያዙት ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ተዛወረ። ኦፔራ ቤት የሚያስበው በትርኢት ነው። ይህ ምሽት፣ ይህ ሰዓት፣ ይህ ወንበር ይላል። ሙዚየም ግን ወንበር አይሸጥም። ሰው ጠዋት ገብቶ በፈለገው ሰዓት ይወጣል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሲስተም የገዛ ሙዚየም ተራውን ማክሰኞ «ትርኢት» ብሎ መመዝገብ ይኖርበታል። ይሠራል፣ ግን እንደ ልብ አይሆንም። በዚህ ሲስተም ውስጥ ያለው ሰውና ገንዘብ ነው። ወንበሩም፣ ፖስተሩም፣ የግድግዳ ወረቀቱም የሉም።

ሦስተኛው ያው የስብስብ ድረ ገጹ ነው። ዕቃዎቹን ያውቃል፤ ገጹን የሚከፍተው ሰው ትናንት ሙዚየሙ ውስጥ ይሁን አይሁን አያውቅም።

አንዱ ሲስተም ሰው ያውቃል፣ ሌላው ዕቃ ያውቃል። «ይህ ሰው ይህን ዕቃ ወደደ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር የሚናገር ግን አልነበረም። የብዕሩ ሥራ ይህ ነበር።

መሃል ላይ የተቀመጠው

ቀላሉ መንገድ ሦስቱን በቀጥታ ማገናኘት ነበር። ትኬቱ ከዳታቤዙ ጋር፣ ዳታቤዙ ከድረ ገጹ ጋር፣ እያሉ መቀጠል። ችግሩ ነገሮች ሲበዙ ይመጣል። ብዕሩ አለ፣ አዳራሽ ውስጥ ያሉት ትልልቅ የንክኪ ጠረጴዛዎች አሉ፣ መግለጫዎቹ ላይ ኮድ የሚጽፈው መሣሪያ አለ። ስድስት ነገሮች እርስ በርስ በቀጥታ ቢገናኙ 15 መስመር ይሆናል። አንዱ ሻጭ ሶፍትዌሩን ባደሰ ቁጥር የትኛው መስመር እንደሚበጠስ አይታወቅም።

ቡድኑ ያደረገው ሁሉንም በአንድ ኤፒአይ በኩል ማሳለፍ ነው። ኤፒአይ ማለት ሶፍትዌሮች የሚጠያየቁበት በደንብ የተጻፈ የጋራ ሥርዓት ነው። የሁሉንም ቋንቋ እንደሚችል አስተርጓሚ ነው፤ ሁሉም ከእሱ ጋር ያወራል እንጂ እርስ በርስ አይተዋወቅም። ቴሲቱራና ቲኤምኤስ ከታች ሆኑ። ኤፒአዩ መሃል ገባ። ድረ ገጹ፣ ጠረጴዛዎቹና ብዕሩ ከላይ ሆኑ። ጠረጴዛዎቹን የሠራው ሎካል ፕሮጀክትስ የተባለው የዲዛይን ድርጅት ነው፤ እሱም መረጃ የሚወስደው ከዚሁ ኤፒአይ ነበር። ከውጭ ያለ ፕሮግራመርም የሚያገኘው ያንኑ ነው። ሙዚየሙ ለራሱ የተለየ የጓሮ በር አላበጀም።

ለእኔ የዚህ ጉዳይ ትልቁ ውሳኔ ይሄ ነው። የውስጥ ሠራተኛውና የውጭ ተጠቃሚው በአንድ በር ሲገቡ፣ በሩ ሲበላሽ የመጀመሪያው የሚጮኸው ባለቤቱ ራሱ ነው። ለውጭ ሰው ብቻ የተከፈተ ኤፒአይ በብዙ ተቋማት ተከፍቶ፣ ማስታወቂያ ተነግሮለት፣ ከዓመት በኋላ ማንም የማይነካው ሆኖ ይቀራል።

የውሳኔው ጥቅም ገና በመክፈቻው ታየ። ሙዚየሙ ዲሴምበር 12 ቀን 2014 በሩን ሲከፍት ብዕሩ አልደረሰም ነበር። ለጎብኚ የተሰጠው ማርች 10 ቀን 2015 ነው። በመሃል ባሉት ወራት ጠረጴዛዎቹ በጣት ይሠሩ ነበር፣ ትኬቱም ይሸጥ ነበር። አንዱ ክፍል ቢዘገይ ሌላው አይቆምም። ሁሉም በቀጥታ ተቆላልፎ ቢሆን ኖሮ መክፈቻው ራሱ ጣጣ ውስጥ ይገባ ነበር።

ብዕሩ ምን ያውቃል?

ሐሳቡ የመጣው ሎካል ፕሮጀክትስ ከአርክቴክቶቹ ዲለር ስኮፊዲዮ ፕላስ ሬንፍሮ ጋር ሆኖ ካቀረበው ንድፍ ነው። ወጪውን ብሉምበርግ ፊላንትሮፒስ ደገፈ። ዕቃውን ለመሥራት ግን አገር ምድሩ ተባበረ። መነሻው ሲስቴልኔትወርክስ የተባለ የስፔን ኩባንያ የነበረው ኤንኤፍሲ (ሁለት ነገሮች ሲቀራረቡ መረጃ የሚያስተላልፍ ቴክኖሎጂ) የሚያነብ ብዕር ነው። ጄኔራል ኤሌክትሪክ፣ ቴላርት፣ አንደርከረንትና ሜክሲምፕሊ በየፈርጃቸው ገቡበት። አንድ ሙዚየም ሃርድዌር ላምርት ብሎ ሲነሳ ምን ያህል እጅ እንደሚያስፈልገው ከዚህ ይታያል።

«ለምን ስልክ አልሆነም?» የሚል ጥያቄ ዛሬ ለማንም ይመጣበታል። መልሱ ያኔ ቀላል ነበር። አይፎን ኤንኤፍሲ የገባለት በ2014 ነው፤ እሱም ለክፍያ ብቻ። አፖች መለያዎችን እንዲያነቡ አፕል የፈቀደው በ2017 ነው። ከዚያ በተረፈ ደግሞ ጎብኚው ዕቃውን እንጂ የራሱን ስልክ እንዲያይ አልፈለጉም። አፕ አውርድ፣ ፓስወርድ አስገባ፣ ባትሪህ አለቀ የሚባል ነገር የለም። ብዕር ይሰጥሃል፣ በቃ።

ብዕሩ ከኔትወርክ ጋር አይገናኝም። የነካውን ዕቃ መለያ ቁጥር በሆዱ ይይዛል። ጠረጴዛው ላይ ሲነካ፣ ወይም ሲመለስ፣ የያዘውን ያራግፋል። የት እንደቆምክ፣ ስንት ደቂቃ እንደቆየህ አይከታተልም። አንተ ሆን ብለህ ያልነካኸውን ነገር አያውቅም። ስምህንም አያውቅም። የሚታወቀው «ይህ ብዕር አሁን የዚህ ትኬት ነው» የሚለው ብቻ ነው። ሲመለስ ዝምድናው ይፈርሳል፤ ብዕሩ ለቀጣዩ ሰው ይሄዳል።

በሌላ በኩል ከእያንዳንዱ መግለጫ ጀርባ የኤንኤፍሲ መለያ አለ። በእያንዳንዱ መለያ ውስጥ የዕቃው ቁጥር አለ። ኤግዚቢሽን በተቀየረ ቁጥር መለያዎቹ እንደገና ይጻፋሉ። ከሌላ ቦታ በውሰት የመጣ ዕቃም ድረ ገጹ ላይ ገጽ ሊኖረው ይገባል፤ አለበለዚያ ጎብኚው ነክቶት ባዶ እጁን ይቀራል። መዝገብ የማስተካከል ሥራ ድሮ የመጋዘን ጉዳይ ነበር። አሁን ካልተሠራ በማግስቱ ጎብኚ የሚያየው ጉድለት ሆነ። ሙዚየም ውስጥ ለሠራ ሰው ይህ ቀላል ለውጥ አይደለም። መዝጋቢውና እንግዳ ተቀባዩ ከዚህ በፊት የሚያገናኛቸው ሥራ አልነበረም።

ሸክሙ የወደቀበት ቦታ

ስለ ሲስተም ውህደት የሚጻፉ ነገሮች ሰርቨሩን ያወሩና ጠረጴዛው ጋ ያለውን ሰው ይረሱታል። እዚህ ቤት ግን ሦስቱ ሲስተሞች የሚገናኙት ሰርቨር ውስጥ ብቻ አይደለም፤ በአንድ ሠራተኛ እጅም ነው። ትኬት ይሸጣል። ያትማል። ብዕር ያነሳል። ብዕሩን ከትኬቱ ጋር ያጣምራል። እንዴት እንደሚሠራ ያስረዳል። ጎብኚው ትኬቱን እንዳይጥል ያስጠነቅቃል። ሲወጣ ይቀበላል፣ ያጸዳል፣ ለሚቀጥለው ያዘጋጃል። ይህ ሁሉ ሰልፍ ባለበት፣ ድሮ መኖሪያ በነበረ ቤት መግቢያ ላይ ነው።

ማጣመሩ የጥቂት ሰከንድ ሥራ ነው። ሆኖም አራት ልጆች ያሉት ቤተሰብ ሲመጣ ሰከንዱ ይባዛል። ትኬቶቹ ከተለዋወጡ ደግሞ የአባት ስብስብ ለልጅ ይሄዳል። ኮዱ ያለው ትኬት ላይ ስለሆነ በነጻ የሚገባውም ሰው ትኬት ሊታተምለት ግድ ነው። ያለዚያ ብዕሩን የሚያጣምሩበት ነገር የለም። ሶፍትዌሩን የነደፈው ሰው ወረቀት ላይ አንድ ቀስት ነው የሚስለው። ቀስቱን ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚሠራው ግን እንግዳ ተቀባዩ ነው።

በዚህ ላይ የእኔ አቋም ግልጽ ነው። እንዲህ ያለ ፕሮጀክት ሲበጀት የጠረጴዛው ሠራተኛ ጊዜ ከሶፍትዌሩ ዋጋ ጋር እኩል ዓምድ ላይ መጻፍ አለበት። ብዙ ቦታ «ሥልጠና» ተብሎ አንድ መስመር ይሰጠውና ያልፋል።

ኩፐር ሂዊት ጠረጴዛ ላይ ያሉት ሰዎች ሥራቸውን እንደሠሩ ግን ቁጥሩ ይናገራል። ሙዚየሙ ራሱ የመጀመሪያዎቹን አምስት ወራት ውጤት አውጥቶ ነበር። ብዕሩ ከ60 ሺህ ጊዜ በላይ ተሰጥቷል። ሊወስዱ ከሚችሉት 100 ጎብኚዎች 94 ያህሉ ወስደዋል። የተሰበሰቡት ዕቃዎች ከ1.3 ሚሊዮን በላይ ነበሩ። ቤታቸው ሄደው ኮዱን ተጠቅመው ጉብኝታቸውን የከፈቱት ሲሶ ያህል ናቸው።

ይህ ሲሶ ትንሽ ነው ወይስ ብዙ? አንዳንዱ «ሁለት ሦስተኛው ጎብኚ እኮ ዞር ብሎ አላየውም» ይላል። እኔ አይዋጥልኝም። ሰውየው የከፈለው ሙዚየም ሊያይ ነው፣ አይቷል። ከዚያ በኋላ ኪሱ ውስጥ የተጨማደደ ወረቀት አውጥቶ ኮድ መጻፍ ትርፍ ሥራ ነው። ያንን ትርፍ ሥራ ከሦስት ሰው አንዱ ከሠራው መጥፎ አይደለም።

አባሉስ?

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንምጣ። የአሜሪካ ሙዚየም ያለ አባላት አይቆምም። አባል ዓመታዊ ክፍያ ይከፍላል፣ በነጻ ይገባል፣ ኋላም ለጋሽ እንዲሆን ይጠበቃል። የአባልነት ክፍል ሕልም ደግሞ ይታወቃል። ወይዘሮ እከሊት ባለፈው ዓመት አራት ጊዜ መጥታ ሁልጊዜ የጨርቃ ጨርቅ ዕቃ እንደምትነካ ማወቅ ይፈልጋል። የጨርቃ ጨርቅ ኤግዚቢሽን ሲከፈት የመጀመሪያውን ግብዣ ለእሷ ለመላክ።

ኩፐር ሂዊት ላይ ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው ሁሉ በእጃቸው ነበር። ቴሲቱራ አባሉን ያውቃል። ብዕሩ የተነካውን ዕቃ ያውቃል። ግን የኮዱ ባለቤት ጉብኝቱ እንጂ ሰውየው አይደለም። ዛሬ የመጣህበት አንድ ኮድ ነው፤ በሚቀጥለው ወር ስትመጣ ሌላ ኮድ ነው። ሁለቱን በአንድ ስም ስር ለማድረግ ከፈለግክ ድረ ገጹ ላይ አካውንት ከፍተህ ጉብኝቶቹን የራስህ ታደርጋቸዋለህ። ካልፈለግክ ኮዱን ብቻ ይዘህ ታያለህ። ማንም ኢሜይልህን ሳይጠይቅህ።

የአባልነት ባለሙያ ይህን ሲያይ ጥርሱን ቢያፋጭ አልፈርድበትም። ጎብኚው እጅህ ላይ ነበር፣ ስሙን ሳትይዝ ለቀቅከው። በዚህ ዓይነት ንድፍ ተደጋጋሚ ጎብኚና አዲስ ጎብኚ አንድ ይመስላሉ። የአንዱ ሰው አሥር ጉብኝት የአሥር ሰው ጉብኝት ሆኖ ይቆጠራል።

ሌላው ጎን ግን ይመዝንብኛል። በሩ ላይ «መጀመሪያ አካውንት ክፈት» ቢባል ኖሮ 94ቱ 94 ሆነው ይቀሩ ነበር ብዬ አላምንም። ሰልፉም ይረዝማል። ከዚያም በላይ የሰው ስም፣ የገንዘብ መዝገቡና የወደደው ነገር በአንድ ሰንጠረዥ ላይ ሲገኙ ሰንጠረዡ ለሌባ ጣፋጭ ይሆናል። ይህ ስጋት ባዶ እንዳልሆነ በ2020 ታይቷል። ብላክባድ የተባለው፣ ሙዚየሞችና በጎ አድራጎት ድርጅቶች የለጋሽና የአባል መረጃ የሚያስቀምጡበት የሶፍትዌር ኩባንያ ሲስተሙ በሌቦች ተሰብሮ ቤዛ ከፈለ። ችግሩ ከ13 ሺህ በላይ ደንበኞቹን ነካ። በ2023 ኩባንያው ከአሜሪካ ግዛቶች ጋር በ49.5 ሚሊዮን ዶላር ተስማማ። የኩፐር ሂዊት የጉብኝት ኮድ ብቻውን ቢወጣ ሌባው የሚያገኘው ስም የሌለው ሰው ወንበር እንደወደደ ነው።

ጉብኝትን መያዝና ሰውን መያዝ ሁለት የተለያዩ ውህደቶች ናቸው። የመጀመሪያውን በነባሪነት፣ ሁለተኛውን በጎብኚው ፈቃድ ማድረጋቸው ትክክል ነበር ባይ ነኝ። ፈቃዱን የሚጠይቁበት ምክንያት ግን ጠንካራ መሆን ነበረበት። «አካውንት ክፈት» ከማለት «አባል ነህ? የዓመቱን ጉብኝቶችህን በአንድ ላይ እናስቀምጥልህ» ማለት ይሻላል። አባል የሆነ ሰው ስሙን አስቀድሞ ሰጥቷል፤ የሚጠበቀው በምላሹ የሆነ ነገር ማግኘት ነው።

ከብዕሩ በኋላ

ሴብ ቻን በ2015 ወደ ሜልቦርን ሄዶ የአውስትራሊያን የተንቀሳቃሽ ምስል ማዕከል፣ በአጭሩ አክሚን ተቀላቀለ። ኩፐር ሂዊት በ2020 በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ተዘጋ። በ2021 ሲከፈት ብዕሩ ወደ ጎብኚ እጅ አልተመለሰም። ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር፣ በየሰዓቱ የሚጸዳ ዕቃ በዚያ ሰሞን ማን ይይዘዋል?

በዚያው ዓመት በፌብሩዋሪ አክሚ ታድሶ ሲከፈት ሌንስ የሚባል ነገር ይዞ መጣ። ሥራው ከብዕሩ ጋር አንድ ነው፤ የወደድከውን ትነካለህ፣ ቤትህ ሄደህ ታየዋለህ። ዕቃው ግን ክብ ካርቶን ነው። ባትሪ የለውም። አይመለስም፤ ጎብኚው ይዞት ይሄዳል። አሠራሩ ግን ተገለበጠ። ብዕሩ አንባቢ ነበር፣ መግለጫው ተነባቢ። እዚህ የሚያነበው ግድግዳው ላይ ያለው መሣሪያ ነው፣ የሚነበበው ደግሞ ካርቶኑ። ጠረጴዛው ጋ የነበረው ማጣመር፣ መቀበል፣ ማጽዳት ቀረ።

የአክሚ ቋሚ ኤግዚቢሽን ነጻ ነው፤ ለእሱ መግቢያ ትኬት አይቆረጥም። ስለዚህ ኮዱን ትኬት ላይ ማተም አይቻልም ነበር። ኮዱ ካርቶኑ ላይ ነው። የትኬት ሲስተሙ ከዚህ ሰንሰለት ወጣ። ጎብኚው ከአባልነት መዝገብ ጋር የሚገናኘው ራሱ ፈልጎ ስሙን ሲያስገባ ብቻ ነው፤ እዚያ የሚያደርሰው ጥያቄ ደግሞ የሚመጣው ቤቱ ተቀምጦ የሰበሰበውን ሲያይ እንጂ ሰልፍ ላይ ቆሞ አይደለም።